የአክስቴ ትከሻ ለምን ዘለለ? ስለ ቪዲዮ ብዥታና ስለ ብርሃን ጅራት

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ የአጎቴ ልጅ ሲያገባ ካሜራ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ክፍያው ምሳ ብቻ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ጎንደርኛ ተለቀቀና አክስቴ መሃል ገብታ እስክስታዋን አወረደችው። በቤተሰባችን ከእሷ በላይ ትከሻ የሚያውቅ የለም። ካሜራውን አውቶ ላይ አድርጌ ቀረጽኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቷ ሄጄ ቲቪ ላይ ስናየው ዝም ብላ ቆየችና፣ "አንተ ልጅ፣ ምነው ወባ እንደያዘው ሰው ታንቀጠቅጠኛለህ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ምስሉ ጥርት ብሏል፣ የቀሚሷ ጥልፍ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ትከሻዋ ግን ይዘላል እንጂ አይፈስም። አንዴ እዚህ ነው፣ አንዴ እዚያ፣ መሃሉ የለም። ካሜራው ርካሽ ስለሆነ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው ካሜራው ምንም እንዳላጠፋ የገባኝ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ብዥታ ሊኖር የሚገባበት ቦታ ላይ ብዥታ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ የፎቶ ድርድር ነው። በሰከንድ 25 ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ለእያንዳንዱ ፎቶ (ፍሬም እንለዋለን) የሚደርሰው 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ካሜራው ግን 40ውንም ላያይ ይችላል። ስንቱን እንደሚያይ የሚወስነው ሸተሩ ነው። የእኔ ካሜራ በዚያ ፀሐይ ሸተሩን 1/2000 ላይ አድርጎት ነበር፣ ማለትም ከ40 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ብቻ አይቶ የቀረውን 39.5 ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያሳለፈው። በዚያ መሃል ትከሻው ሄዷል፣ ተመልሷል። ካሜራው የያዘው መነሻና መድረሻውን ነው፣ መንገዱን አላየም።

እስቲ እጃችሁን ፊታችሁ ላይ ቶሎ ቶሎ አወዛውዙት። ጣቶቻችሁ ጥርት ብለው ይታያሉ? አይታዩም፣ ብዥ ይላሉ። ዓይናችን ከልጅነት ጀምሮ የለመደው ይሄንን ነው፣ የሚፈጥን ነገር ብዥ ሲል። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ የሚፈጥን ነገር ጥርት ብሎ ከመጣ አእምሮ "ይሄ ነገር ልክ አይደለም" ይላል። ምክንያቱን ባያውቅም ይላል። አክስቴ ስለ ሸተር አንድም ነገር ሰምታ አታውቅም።

የተለመደው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ሸተሩን የፍሬሙን ቁጥር እጥፍ አድርጉት። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 1/50፣ 30 ከሆነ 1/60፣ 60 ከሆነ 1/120። የባለሙያዎቹ ስም "የ180 ዲግሪ ሕግ" ነው። ስሙ የመጣው ከድሮው የፊልም ካሜራ ነው። እዚያ ውስጥ ሸተሩ የሚሽከረከር ክብ ሳህን ነበር፣ ግማሹ የተቆረጠ። የተቆረጠው ጎን ሲመጣ ብርሃን ወደ ፊልሙ ይገባል፣ ያልተቆረጠው ሲመጣ ይጋረድና ካሜራው በዚያች ጨለማ ፊልሙን ወደሚቀጥለው ፍሬም ይስባል። ግማሽ ክብ 180 ዲግሪ አይደል? አሁን ሳህኑ የለም፣ ስሙ ግን ቀረ። ሲኒማ ለመቶ ዓመት ያህል በዚያ መጠን አካባቢ ብዥ እያለ ስላደገ እኛም "ፊልም ይመስላል" የምንለው ያንን መጠን ሆነ።

ሕግ ሲባል ግን የሚያስቀጣ አይደለም። በፈረንጆቹ 1998 በወጣው "ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን" በተባለው የጦርነት ፊልም ላይ የባሕር ዳርቻው ውጊያ ሲቀረጽ ሲኒማቶግራፈሩ (የቀረጻው ኃላፊ) ያኑስ ካሚንስኪ ሸተሩን ሆን ብሎ ወደ 45 እና 90 ዲግሪ አጠበበው። የሚፈነዳው አፈር ቅንጣት በቅንጣት ታየ፣ የወታደሮቹ ሩጫ የተቆራረጠና የሚያስጨንቅ ሆነ። እኔ ሰርግ ላይ ያደረግሁት ያንኑ ነው። ልዩነቱ እሱ ለጦርነት ነው ያደረገው፣ እኔ ለእስክስታ።

እዚህ ላይ ስለ መብራት ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም በየሰርግ አዳራሹ የማየው ችግር ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስም መብራቱ ሁለቴ ይደምቃል፣ ስለዚህ ብዙ የአዳራሽ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይፈዝዛል። በ25 ፍሬምና በ1/50 ስትቀርጹ ሸተሩ ሁልጊዜ በትክክል ሁለት ድምቀት ይይዛል፣ ምስሉም አይርገበገብም። አሜሪካ ደግሞ 60 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን በሻንጣ ያመጣላችሁ ካሜራ በ30 ፍሬምና በ1/60 ተስተካክሎ ከመጣ፣ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ሲርገበገብ ወይም ጥቁር ባንድ ሲንሸራተት ታያላችሁ። ካሜራው አልተበላሸም። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ኤንቲኤስሲ የሚለውን ወደ ፓል፣ ወይም 60 ኸርዝ የሚለውን ወደ 50 ቀይሩት፣ አለቀ።

እሺ፣ 1/50 አድርጉ ተባለ። ፀሐይ ላይ ግን ሞክሩት፣ ምስሉ ነጭ ወረቀት ይሆናል። የፎቶ ሰዎች የድሮ ስሌት አላቸው፦ በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100 እና ኤፍ 16 ላይ ትክክለኛው ሸተር 1/100 አካባቢ ነው። አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው፣ ኤፍ ደግሞ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የስልክ ሌንስ ግን ኤፍ 16 የለውም። አብዛኛው ኤፍ 1.8 አካባቢ ተገትሮ የቀረ ነው፣ አይጠብም አይሰፋም። ያ ሲሰላ ሸተሩ ወደ 1/8000 መውጣት አለበት። ስልካችሁ እኩለ ቀን ላይ የቀረጸው ሁሉ ለምን የሚቆራረጥ እንደሚመስል አሁን ገባችሁ? ብርሃኑን የሚቀንስበት ሌላ መንገድ ስለሌለው ሸተሩን ያፈጥናል፣ ሸተሩ ሲፈጥን ብዥታው ይጠፋል።

መድኃኒቱ ኤንዲ ፊልተር ነው። ሌንሱ ላይ የሚገባ ግራጫ መስታወት ነው፣ ቀለም ሳይቀይር ብርሃን ይቀንሳል። ኤንዲ 8 ብርሃኑን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል፣ ኤንዲ 64 ወደ አንድ ስልሳ አራተኛ። ከ1/8000 ወደ 1/50 ለመውረድ 160 ጊዜ መቀነስ አለባችሁ፣ ስለዚህ ለስልክ በጠራራ ፀሐይ ኤንዲ 128 ያስፈልጋል ማለት ነው። ፊልተር ከሌላችሁ? የፀሐይ መነጽር። እየቀለድኩ አይደለም። የተለመደው ጠቆር ያለ መነጽር ከብርሃኑ ከ8 እስከ 18 በመቶውን ነው የሚያሳልፈው፣ ወደ ኤንዲ 8 የተጠጋ ነው። በጠራራ ፀሐይ ብቻውን አይበቃም፣ ከጥላ ስር ወይም ደመና ሲሆን ግን ይሠራል። ቀለሙ ትንሽ ቡናማ ከሆነ ኤዲት ስታደርጉ ታስተካክሉታላችሁ። ሸተሩን በእጅ ለመቆለፍ ደግሞ የስልኩ የራሱ ካሜራ ካልፈቀደ፣ እንደ ብላክማጂክ ካሜራ ያለ ነጻ መተግበሪያ አውርዱ።

አሁን ወደ ሌላው ልሂድ፣ ብዙ ሰው ወደሚጠይቀኝ። ማታ መንገድ ላይ የመኪና መብራት ረጅም ቀይና ነጭ መስመር ሆኖ የሚሄደው፣ እንደ ጅራታም ኮከብ። "የትኛው ኢፌክት ነው?" ይሉኛል። ኢፌክት አይደለም፣ ወይም መጀመሪያ ኢፌክት አልነበረም። ያው ብዥታው ነው፣ ረዘመ እንጂ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። በሰከንድ ወደ 16.7 ሜትር ይሄዳል። ሸተሩ 1/2000 ከሆነ ሸተሩ ክፍት በነበረበት ጊዜ ሚኒባሱ የሄደው 1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ቆሞ የተነሳ ይመስላል። 1/50 ከሆነ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ለስለስ ያለ ብዥታ። 4 ሰከንድ ከሆነ 67 ሜትር! ሚኒባሱ ራሱ ይጠፋል፣ የሚቀረው የመብራቱ ጅራት ብቻ ነው፣ ምክንያቱም አካሉ አንድ ቦታ ላይ በቂ ጊዜ አልቆየም፣ መብራቱ ግን በጣም ስለሚደምቅ ባለፈበት ሁሉ አሻራውን ይተዋል።

እዚህ ጋ ነው ቪዲዮ እንቢ የሚለው። በሰከንድ 25 ፍሬም እየቀረጻችሁ ሸተሩን 4 ሰከንድ ማድረግ አትችሉም፣ ለአንድ ፍሬም ያላችሁ 1/25 ሰከንድ ብቻ ነዋ። ያንን ሙሉውን ብትጠቀሙ እንኳ (360 ዲግሪ የሚባለው እሱ ነው) ጅራቱ 67 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ67 ሜትር ወደ 67 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ ያያችሁት ቆንጆ የከተማ ማታ "ቪዲዮ" ሲቀረጽ ቪዲዮ አልነበረም፣ ፎቶዎች ተሰካክተው ነው። ታይምላፕስ ይሉታል።

እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ። ቀለበት መንገድ ላይ ያለ የእግረኛ ድልድይ እመርጣለሁ፣ ከሥሩ ሁለቱም አቅጣጫ የሚታይበት፣ አንዱ ጎን ነጭ፣ አንዱ ጎን ቀይ እንዲሆን። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ገና ሰማያዊ እያለ ነው መጀመር ያለበት፣ እኛ አገር ያ ሰዓት ቶሎ ያልቃል፣ 20 ደቂቃ ቢገኝ ነው። ጥቁር ሰማይ ላይ የተነሳ ጅራት እኔን ደስ አይለኝም፣ ከተማው ይጠፋል። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ሸተር 4 ሰከንድ፣ በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ። ለ10 ሰከንድ ቪዲዮ 250 ፎቶ ያስፈልጋል፣ ማለትም 1250 ሰከንድ፣ ወደ 21 ደቂቃ መቆም። በፎቶና በፎቶ መካከል ያለውን ክፍተት አንድ ሰከንድ ብቻ ያደረግኩት በምክንያት ነው፣ ክፍተቱ ከሰፋ ጅራቶቹ ከፍሬም ፍሬም አይያያዙም፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ደግሞ ድልድዩ ይነቃነቃል። መጀመሪያ አላስተዋልኩም ነበር፣ ቤት ሄጄ ሳየው ግማሹ ፎቶ ላይ ጅራቱ እንደ ልብ ምርመራ ወረቀት ከፍ ዝቅ ይላል። ሰው በሮጠ ቁጥር ነው። አሁን ትራይፖዱን ምሰሶው ያለበት ጫፍ ላይ ነው የማቆመው፣ መሃል ላይ አይደለም። ሌላም የሚገርም ነገር ታያላችሁ፦ የአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የኋላ መብራት መስመር ሳይሆን የተቆራረጠ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፣ እንደ መርፌ ስፌት። የኤልኢዲ መብራት ድምቀቱን የሚቀንሰው በጣም ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ስለሆነ ነው። ዓይን አይለየውም፣ መኪናው ሲሄድ ግን እያንዳንዱ ብልጭታ የራሱ ቦታ ላይ ያርፋል። የድሮዎቹ ሚኒባሶች አምፖል ግን ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል። አሮጌ መኪና የሚሻልበት አንድ ነገር ተገኘ።

"ትራይፖድ ላይ ሆኜ ተራ ቪዲዮ ቀርጫለሁ፣ ጅራቱን ኤዲቲንግ ላይ ማምጣት እችላለሁ?" ትሉኝ ይሆናል። ትችላላችሁ፣ ግን አንድ ነገር ካልገባችሁ ግራጫ ጭስ ነው የምታገኙት። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ፍሬሞችን ማደባለቅ ነው፣ ማለትም አማካይ ማውጣት። የመኪና መብራት አንድ ነጥብ ላይ ከ20 ፍሬም በአንዱ ብቻ ታየ እንበል። ቪዲዮው ድምቀትን የሚጽፈው ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለ ቁጥር ነው እንበል፣ መብራቱን የመዘገበው በ255 ነው፣ ከዚያ በላይ ቁጥር ስለሌለው። 255ን ለ20 ስታካፍሉት 13 አይሞላም፣ ጥቁር ማለት ነው። በእውነተኛው ዓለም የመኪናው መብራት ከነጭ ግድግዳ በብዙ እጥፍ ይደምቃል፣ ቪዲዮው ግን ሁለቱንም 255 ብሎ ጽፏቸዋል። ትርፉ ድምቀት ሲቀረጽ ጠፍቷል፣ አማካይ ደግሞ የጠፋውን አይመልስም።

ስለዚህ ለመብራት አማካይ አትጠቀሙ። የሚደምቀውን ብቻ አስቀሩ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ (ነጻው ይበቃል) ያንኑ ቪዲዮ አሥር ጊዜ ደራርቡት፣ እያንዳንዱን በአንድ ፍሬም አዘግዩት፣ ከላይ ያሉትን ሁሉ ላይተን የሚለው ላይ አድርጉ። ላይተን በየነጥቡ ከሁሉም ፍሬም የሚደምቀውን መርጦ ያስቀራል። አስፋልቱ አስፋልት ሆኖ ይቀራል፣ መብራቱ ይከማቻል። አፍተር ኢፌክትስ የሚባለው ሶፍትዌር ያላችሁ ደግሞ ኢኮ የሚባለውን ኢፌክት ጨምሩ፦ ኢኮ ታይም -0.04 (ይህ በ25 ፍሬም አንድ ፍሬም ወደኋላ ነው)፣ ቁጥሩን 20፣ ኦፕሬተሩን ማክሲመም፣ ዲኬይ (ጅራቱ የሚከስምበት መጠን) 0.9። የ0.8 ሰከንድ ጅራት ይወጣል፣ ለሚኒባሳችን 13 ሜትር ማለት ነው፣ ጫፉ ላይ እየከሰመ።

ከዚያ ትደውሉልኛላችሁ፣ "ጅራቱ ተቆራርጧል" ብላችሁ። አዎ፣ ይቆራረጣል፣ በ1/50 ስለቀረጻችሁ። ሚኒባሱ በየፍሬሙ 67 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ ሸተሩ ግን የያዘው 33ቱን ብቻ ነው፣ የቀረው ግማሽ ጨለማ ውስጥ ነው ያለፈው። ከላይ ያመሰገንኩት የ180 ዲግሪ ሕግ እዚህ ጠላት ሆነ። ለጅራት ብላችሁ የምትቀርጹ ከሆነ 1/25 አድርጉት፣ ክፍተቱ ይዘጋል። ካሜራው ደግሞ ንቅንቅ ማለት የለበትም፣ ከተንቀሳቀሰ የመንገድ መብራቱም ጅራት ያወጣል።

ለትከሻ ግን ተቃራኒው ነው፣ እዚያ አማካይ ትክክል ነው። ቀን ላይ፣ ውጭ፣ በሰከንድ 120 ፍሬም በ1/120 ሸተር ብትቀርጹ፣ ከዚያ ወደ 30 ፍሬም ስታወርዱት ለእያንዳንዱ ፍሬም አራት አላችሁ። ሁለቱን ብታደባልቁ የ1/60 ብዥታ፣ አራቱንም ብታደባልቁ የ1/30። ምን ያህል ብዥ ይበል የሚለውን ኋላ ቤት ተቀምጣችሁ ትወስናላችሁ፣ ዝግ ያለ እንቅስቃሴም ከፈለጋችሁ አላችሁ። እኔ በተለይ ለጭፈራ ይሄን እወደዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ ግን አትሞክሩት፣ 1/120 ከ50 ኸርዝ መብራት ጋር አይስማማም።

ቀድሞ በ25 ፍሬምና በ1/2000 የተቀረጸ ከሆነስ፣ እንደ እኔ? ያኔ ሶፍትዌሩ መገመት አለበት። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ፒክስል ሞሽን ብለር አለ፣ ዳቪንቺም በሚከፈልበት እትሙ ሞሽን ብለር አለው። ሁለቱም ፍሬም ከፍሬም እያነጻጸሩ "ይህች ነጥብ ከዚህ ወደዚያ ሄደች" ብለው ገምተው በዚያ መስመር ያደበዝዟታል። የአክስቴ ትከሻ ላይ ጥሩ ሠራ። የነጠላዋ ዘርፍ ላይ ግን ተጃጃለ፣ ክሮቹ ታኝኮ እንደተጎተተ ማስቲካ ተዘረጉ፣ በፍሬሞቹ መሃል የትኛው ክር የትኛው እንደሆነ ሊለይ አልቻለም። እጅ ፊት ላይ ሲያልፍም እንዲሁ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ አብሮ ይሄዳል። ነጠላውን በማስክ ከልዬ ትከሻውን ብቻ አደበዘዝኩ፣ ለሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አንድ ሌሊት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ካሜራ በእጅ ይዛችሁ፣ እየተንቀጠቀጣችሁ፣ በ1/50 ቀርጻችሁ ከዚያ ኤዲቲንግ ላይ ስቴብላይዝ ካደረጋችሁት፣ ንቅናቄው ይጠፋል፣ የንቅናቄው ብዥታ ግን እዚያው ተጋግሮ ይቀራል። ቆሞ ያለ ምስል በየመሃሉ እልም እያለ ሲደበዝዝ ታያላችሁ፣ ዓይን ያደክማል። ወይ ካሜራውን በደንብ ያዙት፣ ወይ ሸተሩን አፍጥኑት፣ መንቀጥቀጥና 1/50 ግን አብረው አይሆኑም።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ግን ያለ ምንም ሶፍትዌር የሚወጣው ነው። ጉግስ ሲጫወቱ ፈረሱን በካሜራ ተከተሉት። እግራችሁን ተክላችሁ ወገባችሁን ብቻ አዙሩ፣ ከፈረሱ እኩል። ሸተሩ 1/50 ወይም 1/25። ፈረሱ ከሌንሱ አንጻር ቆሟል፣ ስለዚህ የጋላቢው ፊት ጥርት ይላል፣ የሚሮጠው ተመልካቹና ዛፉ ነው፣ እነሱ አግድም መስመር ይሆናሉ። የፈረሱ እግሮች ደግሞ ከታች ጭስ ይመስላሉ። መጀመሪያ አሥር ጊዜ ይከሽፋል። በፈረስ ከመጀመራችሁ በፊት ሰፈር ባለ ባጃጅ ተለማመዱ፣ ባጃጅ አይሰለችም፣ ይመላለሳል። ከኋላ ያለው የመብራት ምሰሶ ዘመም ብሎ ከታያችሁ አትደንግጡ፣ ስልክ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው።

ባለፈው ዓመት የሌላዋ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ኤንዲ ፊልተሩን ረስቼ ሄድኩ፣ በልምዴ። የሙሽራውን ሚዜ የፀሐይ መነጽር ተውሼ አንዱን መስታወት ስልኬ ሌንስ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት፣ ከድንኳኑ ጥላ ስር ገብቼ 1/50 ቆልፌ ጠበቅሁ። አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ መሃል ልትገባ ስትል አየችኝና ቆመች፣ ስልኩን ትኩር ብላ አየችው።

"ደሞ ዛሬ ዓይኑን ምን ሆነ?" አለች።